የኤሌክትሪክ መከታተያዎ ሲዋሽ፦ ጥፋቱን ከቁጥሩ ለይቶ የማስተካከያ መመሪያ

የቤት ኤሌክትሪክ መከታተያ፣ ማለትም ቤቱ የሚወስደውን ኃይል ለክቶ በስልክ አፕ የሚያሳይ መሣሪያ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሲያሳይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚከፍተው የአፑን የካሊብሬሽን (የልኬት ማስተካከያ) ገጽ ነው። ቁጥሩ ከቆጣሪው ጋር እስኪገጥም ማባዣውን፣ ማለትም መከታተያው የለካውን የሚያባዛበትን ቁጥር፣ ከፍ ዝቅ ያደርግና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በማግስቱ ፍሪጁ ሲነሳ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ ቁጥሩ ተመልሶ ይዛባል፤ ጥፋቱ ከነበረበት አልተነካማ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ካሊብሬሽን ከሁሉም በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ እውነተኛውን ቁጥር እናገኛለን፤ ቀጥለን መከታተያው ከእውነቱ የሚርቀው በምን መልክ እንደሆነ እናያለን። ዜሮ ማሳየት፣ ግማሽ ማሳየት፣ እጥፍ ማሳየት፣ በሞተር ላይ ብቻ መሳሳት የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የብሬከር ሳጥኑ ሳይከፈት ይታወቃል።

ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት

አብዛኛው ምርመራ ከሳጥኑ ውጭ ስለሚሠራ ክዳኑን ለመፍታት አይቸኩሉ። መክፈት ግድ ሲሆን ግን አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚመጡት ገቢ ሽቦዎችና የታሰሩባቸው ተርሚናሎች ኤሌክትሪክ አላቸው። የመከታተያው ክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ቀለበት) የሚታሰረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ገቢ ሽቦ ላይ ነው። ሙያው ከሌለዎት ይህን ክፍል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉት፤ ምን ማየትና ምን መቀየር እንዳለበት ግን ከዚህ በታች ያለውን ሠርተው በትክክል ሊነግሩት ይችላሉ።

ሌላው ጥንቃቄ የክላምፑ ነው። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ ላይ እንደታሰረ ገመዱን ከመከታተያው አይንቀሉ። ክላምፕ ማለት ትንሽ ትራንስፎርመር ነው፤ ጫፉ ክፍት ከቀረ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊፈጥር ይችላል። በርካታ የቤት ክላምፖች ውስጣቸው መከላከያ አላቸው፤ የእርስዎ ይኑረው አይኑረው ግን ከላይ አይታይም። ስለዚህ ሲያወጡ መጀመሪያ ክላምፑን ከሽቦው ያላቅቁ፣ ከዚያ ገመዱን ይንቀሉ። ሲመልሱ መጀመሪያ ገመዱን ይሰኩ፣ ከዚያ ክላምፑን ይዝጉ።

አንደኛ፦ እውነተኛውን ቁጥር ማግኘት

መለኪያችን ሁለት ነገር ነው፦ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውና አንድ ታማኝ የሆነ ዕቃ። ለዚህ የሚሻለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ነው። ውስጡ ያለው ማሞቂያ ሽቦ ብቻ ስለሆነ እስኪፈላ ድረስ የሚወስደው ኃይል አይዋዥቅም፤ ፓወር ፋክተሩም (ከሚስበው ውስጥ በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 1 ነው። ውሃ ሞልተው ይጠቀሙበት፤ በባዶው አይለኩሱት። ካውያ ለዚህ አይሆንም፤ በየመሀሉ እየጠፋ እየበራ ያታልላል። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት ላይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ሙቀቱን የሚቀንሱት በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍል) የሞገዱን ግማሽ በመቁረጥ ስለሆነ የክላምፑ ብረት በአንድ አቅጣጫ ይጠግብና ደህናው መከታተያ ሳይቀር የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል።

አሁን ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ዲጂታል ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000፣ 1600፣ 3200 የተለመዱ ናቸው። ሁለት መብራት ካለ ተጠንቅቀው ያንብቡ፤ አንዷ የምትቆጥረው ሪአክቲቭ ኃይልን (ሥራ ሳይሠራ ሄዶ የሚመለሰውን) ሊሆን ይችላል፣ እሷን አንፈልግም። ባለ ዲስክ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ በኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደሚዞር እዚያው ተጽፏል።

1. በራሳቸው የሚነሱ ዕቃዎችን ያጥፉ፦ ፍሪጅ፣ የውሃ ቦይለር፣ ፓምፕ። ሌላው እንዳለ ቢቀር ችግር የለውም፤ ሙከራው እስኪያልቅ ግን ምንም አይቀያየር።

2. ውሃ ማፍያው ሳይበራ የቆጣሪውን ብልጭታ በስልክዎ ሰዓት ይለኩ። መጀመሪያ ያዩትን ብልጭታ "ዜሮ" ብለው ይጀምሩ፤ "አንድ" ብለው አይጀምሩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከአንድ ጀምሮ 20 የቆጠረ ሰው የለካው 19 ክፍተት ነው። እዚያው ላይ የ5 በመቶ ስህተት ገባና መከታተያው ያለ ጥፋቱ ተከሰሰ ማለት ነው።

3. ውሃ ማፍያውን አብርተው እንደገና ይለኩ። በዚያው ሰዓት መከታተያው የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉ። መከታተያው በየ10 ሴኮንዱ ብቻ የሚያድስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪያድስ ይጠብቁ።

4. ስሌቱ ይህ ነው፦ 3,600,000ን በብልጭታዎቹ ብዛት ያባዙ፤ የተገኘውን ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥርና ለፈጀው ሴኮንድ ብዜት ያካፍሉ። ውጤቱ ዋት ነው።

በምሳሌ እንየው። ቆጣሪው 1600 ነው እንበል። ውሃ ማፍያው ጠፍቶ 5 ብልጭታ 56 ሴኮንድ ወሰደ፤ 200 ዋት ገደማ። በርቶ 20 ብልጭታ 22.5 ሴኮንድ ወሰደ፤ 2000 ዋት። ልዩነቱ 1800 ዋት የውሃ ማፍያው ብቻ ነው። በመከታተያውም ላይ ልዩነቱን ይውሰዱ፤ ከበራ በኋላ ካለው ማፍያው ሳይበራ የነበረውን ይቀንሱ። ጠቅላላውን ከጠቅላላው ብቻ ካነጻጸሩ በዜሮ ላይ ያለ ስህተትና የማባዣ ስህተት ይደባለቁብዎታል። በልዩነት ሲለኩ ግን ይለያያሉ። ጣትዎ ሰዓቱን ለመጫን የሚዘገይባት ሩብ ሴኮንድ ያህል ከ22 ሴኮንድ ላይ 1 በመቶ ስለምትሆን ጊዜ ካለዎት 40 ብልጭታ ይቁጠሩ።

በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት እንደ እውነት አይውሰዱ። ለምሳሌ "220–240 ቮልት፣ 1850–2200 ዋት" የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ 1850 የሚወስደው 220 ቮልት ሲያገኝ፣ 2200 የሚወስደው ደግሞ 240 ሲያገኝ ነው ማለት ነው። ማሞቂያ ኃይሉ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይወርዳል፤ ያው ዕቃ በ207 ቮልት 1640 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ቮልቴጅ የሚወርድበት ቤት ውስጥ "2000 ዋት ነው የተባለው 1640 ያሳያል" ብለው መከታተያውን ቢወቅሱት ያለ ኃጢአቱ ነው።

ሁለተኛ፦ የስህተቱን መልክ ማንበብ

የሁለቱን ቁጥሮች ጥምርታ ይያዙና ከሚከተሉት የትኛውን እንደሚመስል ይዩ። መከታተያዎ አምፒርና ፓወር ፋክተር ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀላል።

ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ሲሆን፦ ክላምፑ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ አቅፏል። በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ይጣፋሉ፤ ክላምፑ ምንም አያይም። ክላምፕ ሁልጊዜ የሚያቅፈው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱም ሽቦ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ የተሸፈነ ኬብል ላይ ማሰርም ያው ነው። ይህ ካልሆነ ገመዱ እስከ ጥግ አልተሰካም፤ ወይም ሌላ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ አፑ የሚያነበው ባዶውን ቀዳዳ ነው።

ልኩ ትክክል ሆኖ ኔጌቲቭ ሲሆን፦ ክላምፑ ተገልብጧል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ኤሌክትሪኩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ቤቱ ማመልከት አለበት። ብዙ አፖች "ገልብጥ" የሚል ምርጫ ስላላቸው ሳጥን መክፈት ላያስፈልግ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቮልቴጁን ሶኬት ላይ በሚሰካ አዳፕተር የሚያነብ መከታተያ ካለዎትና ሶኬቱ በሁለቱም በኩል የሚቀበል ዓይነት ከሆነ፣ ቤት ሲጠረግ የተነቀለው አዳፕተር ተገልብጦ ሲሰካ የቤቱ ቁጥር በሙሉ ኔጌቲቭ ይሆናል። ትናንት ደህና የነበረ መከታተያ ዛሬ በድንገት ከተገለበጠ መጀመሪያ የሚታየው አዳፕተሩ ነው። በትክክለኛው አቅጣጫ ሲሰኩት ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት።

ግማሽ ሲሆን፦ እዚህ ላይ ፓወር ፋክተሩ ዳኛ ነው። ውሃ ማፍያው ብቻ ሲበራ ፓወር ፋክተሩ 1 ወይም 0.99 ማለት አለበት። 1 ብሎ ዋቱ ግን ግማሽ ከሆነ ጥፋቱ የክላምፕ ምርጫ ነው፤ አፑ ላይ የተመረጠው ክላምፕ 50 አምፒር፣ የታሰረው 100 አምፒር ነው። ፓወር ፋክተሩ 0.5 ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ ክላምፑ በአንዱ ፌዝ፣ ቮልቴጁ የሚነበበው ግን ከሌላው ፌዝ ነው። ፌዞቹ በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ የ120 ዲግሪ ኮሳይን ደግሞ ኔጌቲቭ 0.5 ነው። ስለዚህ መከታተያው በትክክል ግማሹን ያሳያል፣ ያውም በኔጌቲቭ። አንድ ሰው ኔጌቲቩን አይቶ ክላምፑን ገልብጦት ከሆነ ፖዘቲቭ ግማሽ ሆኖ ይቀራልና ጥፋቱ ይደበቃል። "ሂሳቤ በግማሽ ወረደ" የሚያሰኘው እንዲህ ያለው አገጣጠም ነው። መፍትሔው ክላምፖቹን ከየፌዛቸው ቮልቴጅ ጋር ማዛመድ ነው፤ ውሃ ማፍያውን በተራ በየፌዙ ሶኬት ላይ እየሰኩ ሦስቱም ላይ ፓወር ፋክተሩ ወደ 1 እስኪመጣ ያረጋግጡ።

እጥፍ ሲሆን፦ የክላምፕ ምርጫው በተቃራኒው ተሳስቷል፤ ወይም ሽቦው በክላምፑ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አልፏል። የቆጣሪውን ብልጭታ በሚያነብ ሴንሰር ላይ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው 1600 ሆኖ አፑ ላይ 800 ተሞልቷል።

ከ5 እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፦ ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ ክላምፑ በደንብ አልገጠመም። ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ ነው። ሁለቱንም ቀጥለን እናያለን።

በውሃ ማፍያ ትክክል፣ በፍሪጅና በፓምፕ ስህተት ሲሆን፦ ፓወር ፋክተር ነው። ይህ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ክፍል አለው።

የአሁኑ ቁጥር ትክክል፣ የወሩ ድምር ስህተት ሲሆን፦ ክላምፑን አይንኩት። ችግሩ ከዳታው ላይ ነው።

ክላምፑ ራሱ

ተከፋች ክላምፕ ሁለት የብረት ወይም የፌራይት ግማሾች ናቸው፤ ሥራውን የሚሠራው ፊት ለፊት ሲገጥሙ ነው። በመሀላቸው የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ብትኖር እንኳ ቁጥሩ በግልጽ ይወርዳል። ሲዘጋ "ቀጭ" ማለት አለበት። ሽቦው ለቀዳዳው ወፍሮ በግድ የተዘጋ ክላምፕ መቼም አይገጥምም፤ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ይግዙ። ፊቶቹ ላይ አቧራ፣ የቀለም ፍርፋሪ ወይም ዝገት ካለ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፉት፤ ልስላሴው ከጠፋ አይመለስም። ፌራይት እንደ ሸክላ ስለሆነ ወድቆ የነበረ ክላምፕ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ከሌላ ቻናል (የመከታተያው ሌላ መግቢያ) ክላምፕ ጋር ቦታ ያለዋውጡት፤ ስህተቱ ክላምፑን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ቻናሉ ላይ ከቀረ መከታተያው ነው።

ገመድ የመሰለ ተጣጣፊ ክላምፕ፣ ሮጎቭስኪ የሚባለው፣ ከሆነ ደግሞ የሚጋጠምበት ጫፍ ደካማ ጎኑ ነው። መጋጠሚያውን ከሚለካው ሽቦም ከጎረቤት ሽቦዎችም አርቀው ያዙሩት፤ ሽቦው በቀለበቱ መሀል ይለፍ።

መጠኑም ይታሰብበት። ባለ 100 አምፒር ክላምፕ የተሠራው ለብዙ አምፒር ነው፤ አንድ ፍሪጅ ብቻ በሚነዳ መስመር ላይ ቢያስሩት ግማሽ አምፒር እንዲለካ መጠየቅዎ ነው። ትልቅ ሚዛን ላይ የቡና ስኒ እንደ መመዘን ነው። ለቅርንጫፍ መስመር 20 ወይም 30 አምፒር ይበቃል። ሌላ ክላምፕ ከሌለዎት ዘዴ አለ፦ መስመሩ ጠፍቶ፣ ሽቦው ቀጭንና በቂ ርዝመት ካለው በቀዳዳው 4 ጊዜ አሳልፈው ያሽከርክሩት። ባለ 100 አምፒሩ እንደ 25 አምፒር ይሆንልዎታል፤ አፑ ላይ ውጤቱን ለ4 ማካፈል እንዳይረሱ። የዙር ቁጥር የሚቆጠረው ሽቦው በቀዳዳው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ነው፤ በውጭ በኩል ስንት ጊዜ እንደታጠፈ አይደለም።

ክላምፑ ሽቦ ሳያቅፍ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከ5 እስከ 20 ዋት የሚያሳይ ከሆነ ከአካባቢው የሚገባ የኤሌክትሪክ ረብሻ (ኖይዝ) ነው። የክላምፑ ገመድ ከኃይል ሽቦዎች ጋር አብሮ ታስሮ ወይም ተቀጥሎ ረዝሞ ከሆነ ይለያዩት፤ የሚቀጠለው ገመድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ይሁን። ቀሪዋን አፑ ላይ "ከዚህ በታች ያለውን ዜሮ ቁጠር" በሚለው ይቁረጧት፤ ግን 3 ዋት ከሆነ 3 ዋት ብቻ ይቁረጡ። 30 ላይ ካደረጉት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ራውተርና ቴሌቪዥን ከሂሳብ ይወጣሉ።

ቮልቴጅና ፓወር ፋክተር

መከታተያዎ ቮልቴጅ ይለካል ወይስ ይገምታል? መልሱ ከአገጣጠሙ ይታወቃል። ክላምፕ ብቻ ኖሮት በባትሪ ወይም በስልክ ቻርጀር የሚሠራ ከሆነ ቮልቴጅ አያውቅም፤ ሴቲንግ ውስጥ የተጻፈለትን 230 ወይም 220 እየወሰደ ከአምፒሩ ጋር ያባዛል። የስልክ ቻርጀር የሚያወጣው ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ስለሆነ የቮልቴጁን ሞገድ አያሳይም። ከሳጥኑ ሽቦ የሚገባለት ወይም ኤሲ (እንደ ሶኬቱ አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚያወጣ አዳፕተር ያለው ግን ይለካል።

የሚገምተው ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንደኛው ቀላሉ ነው። ያችን ባለ 1850–2200 ዋት ውሃ ማፍያ በ207 ቮልት እንያት፦ 7.9 አምፒር ትወስዳለች፤ እውነተኛው ኃይል 1640 ዋት ገደማ ነው። መከታተያው ግን 7.9ን በ230 አባዝቶ 1820 ይላል፤ 11 በመቶ ትርፍ። ለዚህ መድኃኒቱ በተለያየ ሰዓት፣ በተለይ ማታ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ጊዜ፣ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለክቶ አማካዩን ሴቲንግ ላይ መሙላት ነው። ፍጹም ባይሆንም ትልቁን ስህተት ያነሳል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ሞተር፣ ፓምፕ፣ ትናንሽ ቻርጀሮችና ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች ከሚሠሩበት ኃይል በላይ አምፒር ይስባሉ፤ ትርፉ ሄዶ የሚመለስ ነው እንጂ አይቃጠልም። የቤት ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥረው የተቃጠለውን ነው፤ አምፒር ብቻ የሚያየው መከታተያ ግን ሁለቱን አይለይም። ፍሪጅዎ በ220 ቮልት 1 አምፒር ቢስብና ፓወር ፋክተሩ 0.6 ቢሆን፣ መከታተያው 220 ይላል፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው 132 ነው። ስለዚህ ጥቂት ዕቃ ብቻ በሚበራበት ሌሊት ስህተቱ ይሰፋል፤ ቀን ምድጃና ቦይለር ሲበራ ይጠባል። በካሊብሬሽን አንድ ቁጥር ቀይሮ ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም። የሚቻለው የ7 ቀን ድምርን ከቆጣሪው የ7 ቀን ድምር ጋር አካፍሎ የራስን ቤት ማረሚያ ማግኘት ነው። ለድምር ይሠራል፤ ለአንድ ዕቃ አይሠራም።

የፀሐይ ኃይል ያላቸው ቤቶች ይህ ጥፋት በአስቂኝ መልክ ይታያቸዋል፦ እኩለ ሌሊት ላይ ፓኔሉ 60 ዋት "ያመነጫል"። የፓኔሉን ዲሲ ወደ ኤሲ በሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከመስመሩ ጋር እንደተገናኙ ጥቂት አምፒር ይስባሉ፤ አምፒር ብቻ የሚያየው መከታተያ ደግሞ አቅጣጫውን ስለማያውቅ እንደ ምርት ይቆጥረዋል። አፑ ላይ ሌሊቱን ለፀሐዩ ቻናል ዜሮ የሚያደርግ ዝቅተኛ ወሰን ያስቀምጡ። ቮልቴጅ በሚለካ መከታተያም ላይ የፀሐይ ቤት ሌላ ወጥመድ አለው፤ ዋናው ክላምፕ የፀሐዩ መስመር ከሚገባበት ነጥብ በየትኛው በኩል እንደታሰረ። ከነጥቡ ወደ ቆጣሪው በኩል ከሆነ የቤቱ ፍጆታ የክላምፑና የፀሐዩ ቁጥር ድምር ነው፤ ወደ ቤቱ በኩል ከሆነ ክላምፑ ብቻውን ፍጆታውን ያሳያል፣ እንደገና ሲደመር ፀሐዩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

የብልጭታ ሴንሰርና ሶኬት ላይ የሚሰካ መከታተያ

ቆጣሪው መብራት ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ክላምፕ የለውምና ጥፋቱም ጥቂት ነው። በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚያብድ ከሆነ ፀሐይ ወይም የግቢ መብራት እየመታው ነው፤ በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ይሸፍኑት። እየዘለለ የሚቆጥር ከሆነ ከመብራቷ መሀል ተንሸራቷል። ምንም ኃይል በማይሄድበት ጊዜ መብራቷን ሳያጠፉ የሚያቆዩ ቆጣሪዎች አሉ፤ ያ ጥፋት አይደለም።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ደግሞ ከጥቂት ዋት በታች ያለውን ብዙ ጊዜ 0.0 ይላል። የቻርጀር ወይም የቴሌቪዥን የቆመ ፍጆታን (ሳይሠሩ ተሰክተው ብቻ የሚወስዱትን) ለመለካት ዲቫይደር ላይ አንድ ባለ ክር አምፖል፣ ለምሳሌ 40 ዋት፣ አብረው ይሰኩ። አምፖሉ ብቻውን ሲበራ ያለውን ይጻፉ፣ ከዚያ ዕቃውን ጨምረው ልዩነቱን ይውሰዱ። አምፖሉ መሣሪያውን ከደካማው ክልል ያወጣዋል።

ካሊብሬሽን፣ አሁን

እስካሁን ያለው ተስተካክሎ የቀረው ስህተት በሁሉም ሎድ ላይ (ጥቂትም ብዙም ዕቃ ሲበራ) እኩል በመቶ ከሆነ ብቻ ወደዚህ ይግቡ። መከታተያው በርቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሙቀው። ቅደም ተከተሉ ቮልቴጅ፣ ከዚያ አምፒር፣ በመጨረሻ ፌዝ (እዚህ ላይ ሽቦው ሳይሆን በቮልቴጁና በአምፒሩ ሞገድ መሀል ያለው መዘግየት) ነው፤ ሲገለበጥ የኋለኛው የፊተኛውን ያፈርሰዋል።

ቮልቴጁን "ትሩ አርኤምኤስ" (የተዛባ ሞገድንም በትክክል የሚለካ) የሚል መልቲሜትር ይዘው፣ የመከታተያው አዳፕተር በተሰካበት በዚያው ሶኬት ላይ ይለኩ። ያ ሶኬት ከውሃ ማፍያው ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ማፍያው ሲበራ በሽቦው ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ መለኪያዎን ያዛባል፤ አዳፕተሩን ከባድ ዕቃ ወደማይሰካበት፣ ለሳጥኑ ቅርብ ወደሆነ መስመር ያዛውሩት።

ቀጥሎ የቆጣሪውን የልዩነት ሙከራ ይድገሙ። አዲሱ ማባዣ ማለት ነባሩ በእውነተኛው ዋት ተባዝቶ መከታተያው ላሳየው ዋት ሲካፈል ነው። እውነቱ 1950፣ መከታተያው 1875 ካሳየና ነባሩ 1.000 ከነበረ አዲሱ 1.040 ነው። ከቀየሩ በኋላ በሌላ መጠን፣ ለምሳሌ በአንድ ባለ 100 ዋት አምፖል፣ ይፈትኑት። በ2000 ገጥሞ በ100 ካልገጠመ ማባዣው ሳይሆን ክላምፑ ለትንሽ ሎድ የሚበዛ ነው።

ፌዙ የሚረሳ ነው። እያንዳንዱ ክላምፕ አምፒሩን በትንሽ ዲግሪ ያዘገያል ወይም ያስቀድማል። 2 ዲግሪ ቢሆን፣ ፓወር ፋክተሩ 1 በሆነ ውሃ ማፍያ ላይ የሚያመጣው ስህተት ከ0.1 በመቶ በታች ነው፤ በቃ አይታይም። ፓወር ፋክተሩ 0.5 በሆነ ሞተር ላይ ግን ያው 2 ዲግሪ 6 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በውሃ ማፍያ "ፍጹም" የተደረገ መከታተያ በፓምፕ ላይ ሊሳሳት ይችላል። አፑ የፌዝ ማስተካከያ ካለው ውሃ ማፍያው ብቻ በርቶ ፓወር ፋክተሩን ወደ 1.00 ያድርሱት፤ ከዚያ ፓምፑን ብቻ አስነስተው ዋቱን በቆጣሪው ብልጭታ ያረጋግጡ። ፓምፑ ላይ የቀረውን ስህተት በፌዙ ያስተካክሉት እንጂ ማባዣውን እንደገና አይንኩ።

ድምሩ ብቻ ሲሳሳት

የአሁኑ ዋት ትክክል ሆኖ የቀኑ ወይም የወሩ ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ካልገጠመ ግራፉን ይክፈቱ። ቀጥ ያለ መስመር ወይም ባዶ ቦታ ካለ ዋይፋዩ ተቋርጦ ነበር። አንዳንድ አፕ ክፍተቱን በዜሮ፣ አንዳንዱ በመጨረሻው ቁጥር ይሞላዋል፤ ቦይለር በርቶ ሳለ የተቋረጠ እንደሆነ የኋለኛው ዓይነት ለሰዓታት ሁለት ሺህ ዋት ሲደምር ያድራል። መሣሪያው ራሱ ውስጥ ድምር የሚይዝ ከሆነ ከአፑ ይልቅ እሱን ያንብቡ። ራውተሩን ማቅረብ ወይም ሲግናል ማጠናከሪያ ማድረግ የዚህ ጥገና ነው።

ግራፉ ሙሉ ሆኖ አሁንም ከጎደለ በክላምፑ የማያልፍ መስመር አለ። ቦይለር ወይም የግቢ መስመር አንዳንዴ ከክላምፑ በፊት ተቀጥሎ ይገኛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ትልልቆቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያበሩ መከታተያው ላይ ቁጥሩ መነሳቱን ማየት። ቆጣሪው ፈጥኖ መከታተያው ዝም ካለ መስመሩን አገኙት። በየብሬከሩ ክላምፕ ካለዎትና ድምራቸው ከዋናው ካነሰ ደግሞ ያልታሰረ ትንሽ መስመር፣ ለምሳሌ የደወል ወይም የበር መክፈቻ፣ አለ ማለት ነው።

ንጽጽሩን ሲያደርጉ ከክፍያ ደረሰኝ ጋር አይሁን፤ ደረሰኙ የተነበበበት ቀንና ታሪፉ የራሱ ነው። የቆጣሪውን ቁጥር ዛሬ በዚህ ሰዓት፣ ከ7 ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት ይጻፉ፤ የመከታተያውንም እንዲሁ። የቤት ቆጣሪዎች ራሳቸው በክፍላቸው መሠረት 1 ወይም 2 በመቶ እንዲለዩ ስለሚፈቀድ፣ የሳምንቱ ልዩነት ከ3 በመቶ በታች ከገባ ሳጥኑን ይዝጉና ይተዉት።